ኮምፒዩተሩና የጎንደር ዕቃ ገዢዎች

በማናቸውም መሥሪያ ቤት ውስጥ ብዙ እየደከመ ምስጋና የማይደርሰው አንድ ክፍል ቢፈለግ የዕቃ ግዥ ክፍል ነው። የተገዛው ዕቃ መልካም የሆነ እንደ ሆነ ምስጋናው ለመሥሪያ ቤቱ አለቃ ይሰጣል፤ የተበላሸ፣ የጎደለ ወይም የዘገየ እንደ ሆነ ግን ጣት የሚቀሰረው ወደ ግዥ ሠራተኛው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ክፉ ተረትም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀሰው በዚህ ሠራተኛ ላይ ስለ ሆነ፣ እጁ ንጹሕ የሆነው እንኳ ከሐሜት አያመልጥም። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ያለ መድኃኒት፣ መምህሩ ያለ ጠመኔ፣ በሽተኛውም ያለ አንሶላ እንዳይቀር የሚያደርገው ይኸው ክፍል ነው።

ዛሬ ስለዚህ ክፍል ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው ሥራው በዓይናችን ፊት በመለወጥ ላይ ስለሚገኝ ነው። ለውጡን ያመጣው ኮምፒዩተር ነው። ለውጡ ለሕዝብ የሚበጅ ሊሆን ይችላል። ሆኖም እንዲበጅ የምንፈልግ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ ከግዥ ሠራተኛው ትከሻ ላይ የትኛውን ሸክም እንዳነሣለት፣ የትኛውን ደግሞ እንደ ጨመረበት አስቀድመን ለይተን ማወቅ ይገባናል። ስለ ጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተ ሰሜን ስላለው ደጋ አገር የምንናገረውም የለውጡ ጥቅምና ችግር ሁለቱም በዚያ ጎልተው ስለሚታዩ ነው።

የቆየውን አሠራር የማያውቅ የለም። አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ መግዛት በፈለገ ጊዜ፣ ነገሩ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ የጨረታ ማስታወቂያ በጋዜጣ ያወጣል፤ በአማራ ክልል የበኩር ጋዜጣን የሚገልጥ ሰው እነዚህን ማስታወቂያዎች ያውቃቸዋል። ነጋዴው የጨረታውን ሰነድ በገንዘብ ገዝቶ፣ ዋጋውን ሞልቶ፣ የጨረታ ማስከበሪያውን ከባንክ አሠርቶ፣ ዋናውንና ቅጂውን በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ አድርጎ በሳጥኑ ውስጥ ይከታል። በተወሰነውም ሰዓት ሳጥኑ በተጫራቾች ፊት ይከፈታል። ገንዘቡ አነስተኛ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ገዢው የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀቱን ይዞ ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ እየተመላለሰ ከየሱቁ ፕሮፎርማ ይሰበስባል። ከዚያ በኋላ የዋጋ ማወዳደሪያው ሠንጠረዥ ይሰመራል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ ኮሚቴው ይፈርማል፤ ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣም ሞዴል 22 ይቆረጣል። ስለዚህ ግዥ ሠራተኛ ተብሎ የተቀጠረው ሰው ቀኑን የሚፈጀው ዕቃን በማወቅ ሳይሆን ወረቀትን በመሸኘት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

አሁን ግን ይህ ሁሉ እየተለወጠ ነው። የመንግሥት የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በ2014 ዓ.ም. በዘጠኝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በሙከራ ተጀመረ። ሥርዓቱን የሠራው ፔራጎ የተባለ የአገር ውስጥ ድርጅት መሆኑም የሚያስደስት ነው። ከዚያም ወዲህ ወደ ሌሎቹ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተስፋፍቷል፤ ወደ ክልሎችም እንዲዘልቅ የታሰበ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 እንኳ ዘመኑን መከተል ስላስፈለገው በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። በአዲሱ ዘዴ ነጋዴው በኮምፒዩተር ይመዘገባል፤ የጨረታውን ጥሪ ባለበት ሆኖ ያነባል፤ ዋጋውንም ባለበት ሆኖ ያስገባል። የገባውም ዋጋ ተቆልፎ ይቀመጣልና የመክፈቻው ሰዓት ሳይደርስ ሊታይ አይገባውም። በዚህ መንገድ የሄድነው እኛ ብቻ አይደለንም። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀምራዋለች፤ በአፍሪካችንም ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 አቋቁማ ስሙን በአገሯ ቋንቋ «ኡሙቾ» ብላዋለች፤ ትርጓሜውም ብርሃን ማለት ነው።

በመድኃኒት በኩል ደግሞ ለውጡ ከዚህም ቀደም ብሎ ጀምሯል። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተብሎ የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው መሥሪያ ቤት በጎንደር ቅርንጫፍ አለው። ከእርሱ መድኃኒት የሚቀበሉ አያሌ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በመጋዘናቸው ያለውን መድኃኒት የሚቆጣጠሩት «ዳጉ» በተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ዳጉ የአፋር ሕዝብ መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በእውነት የሚለዋወጥበት ነባር ልማድ ስለ ሆነ፣ ስሙን የመረጠው ሰው በሚገባ አስቦበታል እንላለን። ወሬው እውነተኛ ከሆነ መድኃኒቱ በጊዜው ይደርሳልና።

እንግዲህ ስለዚህ ለውጥ ሁለት ዐይነት አነጋገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን «ከእንግዲህ ወዲያ ግዥ ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያወዳድራል፣ ራሱ ያዛል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መሣሪያው እንጀራችንን ሊነጥቀን ነው» ብሎ ይሠጋል። እኛ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ኮምፒዩተሩ የሚወስደው የጽሕፈቱን፣ የመደመሩንና ሳጥን የመጠበቁን ሥራ ነው። ዕቃውን፣ ገበያውን፣ መንገዱንና ተጠቃሚውን የማወቁ ሥራ ግን በሰው ላይ ይቀራል፤ እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል። ምክንያቱም ቀድሞ ገዢው ሳያውቅ የሠራው ስሕተት በወረቀት መጓተት ጊዜ አንድ ሰው አይቶ ሊያርመው ይችል ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተቱም እንደ ትክክለኛው ሁሉ በፍጥነት ይሄዳል።

ዕቃን አውቆ መግዛት ለጎንደር እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዪቱ በ1628 ዓ.ም. በዐፄ ፋሲል ከተቆረቆረች በኋላ ነጋዴዎቿ ወደ ምጽዋና ወደ ስናር በሲራራ እየሄዱ ይነግዱ ነበር። የማርትሬዛ ብር ሲቀበሉ በዘውዷና በደረት ጌጧ ላይ ያሉትን ነጥቦች አይተው ይመረምሩ ነበር፤ አሞሌ ጨውም ሲቀበሉ ያልተሸረፈ መሆኑን እያገላበጡ ያዩ ነበር። የዚያን ዘመን ገዢ መዝገብ አልነበረውም ወይም ጥቂት ነበረው፤ ዕውቀቱ ግን በዓይኑና በእጁ ነበር። የዛሬው ገዢ መዝገቡ ሞልቶለታል። የሚያሠጋው ዓይኑና እጁ ሥራ ፈትተው እንዳይቀሩ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት እንዳይመስል ከመድኃኒቱ ጀምረን ሦስት ነገሮችን እናሳይ።

ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ ነው። ስሌቱም እንደሚከተለው ነው፤ በወቅቱ መጀመሪያ የነበረው ላይ የተቀበለው ይደመራል፤ ከዚያም የተበላሸውና በመጨረሻ የቀረው ይቀነሳል፤ የሚገኘው ቁጥር በሁለቱ ወር የወጣው መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያው ቢበዛ የአራት ወር ስንቅ እንዲይዝ ስለ ተወሰነ ይህ ቁጥር በሁለት ይባዛል፤ በእጅ ያለው ተቀንሶም ቀሪው ይታዘዛል። ይህን ሒሳብ ኮምፒዩተሩ በዓይን ጥቅሻ ይሠራዋል። አሁን ለምሳሌ ያህል በደጋው ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ወቅቱን በ60 ፓኬት ጀመረ፣ 240 ተቀበለ፣ በመጨረሻም ምንም አልቀረውም እንበል። የወጣው 300 ስለ ሆነ መሣሪያው 600 ይዘዝ ይላል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያለቀው በ30ኛው ቀን ቢሆንስ? እንግዲያው 300 ፓኬት የበቃው ለአንድ ወር ብቻ ነበር፤ የሁለት ወሩ ፍላጎት 600፣ መታዘዝ የነበረበትም 1,200 ነው። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የተሰጠውን ቆጠረ። በቀሪው 30 ቀን መድኃኒት አጥቶ ተራራውን ወርዶ የተመለሰው በሽተኛ ግን በቁጥሩ ውስጥ የለም። መድኃኒቱ ስንት ቀን ጠፍቶ እንደ ነበረ አንድ ሰው ካልጻፈው፣ ሌላውም ሰው አንብቦ «ይህ ቁጥር ለምን አነሰ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ብዙ የተቸገረው ጤና ጣቢያ ጥቂት የሚፈልግ መስሎ ይታያል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ ያንኑ ጥቂት ይላክለታል።

ሁለተኛው የዕቃው መግለጫ ነው፤ ዛሬ ስፔስፊኬሽን የሚባለው ማለት ነው። ጄኔሬተርን እንውሰድ። አየርን በራሱ የሚስብ ተራ ሞተር ወደ ከፍታ በወጣ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳበት በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ከመቶ ያህል ይቀንስበታል። የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በወረቀት ላይ 20 ኪሎዋት የሚል ጄኔሬተር ደባርቅ ሲደርስ የሚሰጠው 15 ያህል ነው። ከራስ ዳሸን ሥር ወዳለችው ወደ በየዳ ቢወጣማ ከዚህም ያንሳል። ኮምፒዩተሩ 20 ኪሎዋት ያቀረቡትን ነጋዴዎች አወዳድሮ ርካሹን በትክክል ይመርጣል። ዕቃው ለየትኛው አገር እንደሚሄድ አስቦ «በዚህን ያህል ከፍታ ላይ ይህን ያህል ጉልበት የሚሰጥ» ብሎ በመግለጫው ላይ መጻፍ ግን የገዢው ፋንታ ነው። ይህ አንድ መስመር ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ የማዋለጃው ክፍል መብራት ይደክማል፤ መዝገቡ ግን ንጹሕ ነው።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ከዚህ የተነሣ በጀት እንዳይመለስ በመጨረሻው ወር የሚደረገው ጥድፊያ «የሰኔ ግዥ» የሚል ስም አውጥቷል። ሰኔ ደግሞ በሰሜን ተራሮች ክረምቱ የሚገባበት ወር ነው። በጃናሞራና በበየዳ ወደ ገጠሩ የሚወስደው መንገድ በጭቃና በጎርፍ የሚቸገረው ልክ ዕቃው ተገዝቶ በመጣበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ዕቃው በወረዳው መጋዘን ይከርማል፤ በመስከረም ሲወጣም ችግሩ አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። የኤሌክትሮኒኩ ሥርዓት ዓመታዊ የግዥ ዕቅድን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ ይህም ታላቅ ረድኤት ነው። ዳሩ ግን ዕቅዱን የሚሞላው ሰው ለደጋው የሚሄደው ዕቃ ከግንቦት በፊት መድረስ እንዳለበት ካላወቀ፣ የሰኔ ግዥ በወረቀት ይደረግ የነበረው አሁን በኮምፒዩተር ይደረጋል ማለት ብቻ ነው።

«ይሁን፤ ኮምፒዩተሩ ጉቦ አይበላም» የሚለን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እርግጥ ነው፣ የተቆለፈ ዋጋ ከታሸገ ኤንቨሎፕ ይሻላል፤ የማን ሰነድ መቼ እንደ ገባ፣ ማን መቼ እንዳየው ተመዝግቦ ይቀራል። ይህን ጥቅም የሚያቃልል ሰው የሕዝብን ገንዘብ የሚወድ ሰው አይደለም። ነገር ግን መሐሉ የተዘጋበት ሌባ በዳርና በዳር ይመጣል። በፊት በኩል፣ ገና ጨረታው ሳይወጣ፣ መግለጫውን አንድ ነጋዴ ብቻ ሊያሟላው እንዲችል አድርጎ ማጻፍ ይቻላል። በኋላ በኩል ደግሞ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ያልተስማሙበትን ዕቃ አምጥቶ «ተረክበናል» አሰኝቶ ሞዴል 19 ማስቆረጥ ይቻላል። በእነዚህ በሁለቱ ዳርቻዎች ላይ የሚቆመው ሰው ነው እንጂ ኮምፒዩተር አይደለም። ስለዚህ ቁጥጥሩም ሳጥኑን ከመጠበቅ ወደነዚህ ሁለት በሮች መዛወር አለበት።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የነጋዴው ነገር ነው። በአዲስ አበባ ያለ ትልቅ አስመጪ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ጸሐፊ ቀጥሮ በአንድ ቀን በአሥር ጨረታ ሊገባ ይችላል። በጎንደር ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ፣ በዳባት ያለው የእንጨት ሥራ ማኅበር፣ በደባርቅ ያለችው ምግብ አቅራቢ ግን መመዝገብ አቃታቸው ማለት ዕቃቸው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እነርሱ ከገበያው የወጡ እንደ ሆነ ጎንደር ውስጥ የሚገኘው ወንበር ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል፤ ዕቃውም በተሰበረ ጊዜ የሚጠግነው ሰው ይጠፋል። ደግሞም የመሥመሩ ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱ የሚታወስ ነው። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ በሽተኛው አይጠብቅምና የወረቀቱን መንገድ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ መገኘት አለበት። አዲሱን ለመያዝ የቆየውን መርሳት ብልኅነት አይደለም።

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን ይዘን በበኩላችን የምናሳስበው የሚከተለውን ነው።

መጀመሪያ፣ ኮምፒዩተሩ ለግዥ ሠራተኛው ያተረፈለት ጊዜ ለሌላ ወረቀት እንዳይውል። ያ ጊዜ ለጉዞ ይዋል። ለደጋው ወረዳዎች ዕቃ የሚገዛ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ መንገዱ ደረቅ በሆነበት በጥር ወይም በየካቲት፣ ዕቃው ወደሚደርስበት ጤና ኬላና ትምህርት ቤት ሄዶ «አምና የላክንላችሁ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቅ። የዚህ ጉዞ አበል ከአንድ የተበላሸ ጄኔሬተር ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በአንድነት በሚገዙበት አሠራር ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ገዢው ከተጠቃሚው በራቀ ቁጥር የሚያገናኛቸው ወረቀት ብቻ ይሆናልና።

ሁለተኛ፣ አዛውንቱና ወጣቱ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። እኛ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣን ልጆች የኮምፒዩተሩን ፊደል በመምታት ፈጣኖች ነን፤ ነገር ግን የቆርቆሮን ውፍረት በጣቱ ለይቶ የሚናገር፣ የትኛው ነጋዴ ቃሉን እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚያጥፍ ከሃያ ዓመት ልምድ የሚያውቅ አባት በየመሥሪያ ቤቱ አለ። «ኮምፒዩተር አያውቅም» ተብሎ ይህ ሰው ወደ ጥግ የተገፋ እንደ ሆነ የተጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያውም የሚመግበው አዋቂ አጣ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በጎንደር ከተማ ነጋዴው ሄዶ በአዲሱ ሥርዓት እንዴት እንደሚመዘገብና እንዴት ዋጋ እንደሚያስገባ ያለ ክፍያ የሚያሳየው ሰው ይመደብ። ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ቦታ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በዚያው በከተማዪቱ ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪዎቹን ሕክምናን በየገጠሩ እንዲያደርሱ ያሠለጠነ ተቋም ዛሬም የንግድና የኮምፒዩተር ተማሪዎቹን ለጥቂት ሳምንት ወደ ነጋዴው ሱቅ ቢልክ ከታሪኩ ጋር የሚስማማ ሥራ ይሆናል።

አራተኛ፣ ለግዥ ሠራተኛው የሚሰጠው ደረጃና ደመወዝ ከአዲሱ ኀላፊነቱ ጋር ይመዛዘን። የጸሐፊ ደመወዝ እየከፈሉ የአዋቂ ፍርድ መጠየቅ አይቻልም። ከቁጥሩ የተለየ ውሳኔ የሰጠ እንደ ሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያኖር ይገደድ፤ ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ ግን «ለምን ርካሹን አልመረጥህም?» ተብሎ እንዳይቀጣ ሕጉ ይከልለው። ሠራተኛ ለማሰብ ከፈራ ኮምፒዩተሩ ያለውን ብቻ ይደግማል፤ ያን ጊዜ በእርግጥም አያስፈልግም የሚሉት ሰዎች እውነታቸውን ይሆናል።

አንባብያን ይህ ሁሉ ስለ ጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ የተነገረ እንዳይመስላቸው። ስለ ጨረታና ስለ ሠንጠረዥ ስንናገር የምንናገረው በመጨረሻ ስለ አንዲት የጃናሞራ እናት ነው። እርሷ መድኃኒቱ በሰም በታሸገ ኤንቨሎፕ ይገዛ ወይም በኮምፒዩተር አታውቅም፤ ማወቅም የለባትም። የምታውቀው የታመመ ልጇን አዝላ ሦስት ሰዓት ተጉዛ ጤና ጣቢያው ስትደርስ «አለ» ወይም «የለም» የሚለውን ቃል ነው። አዲሱ መሣሪያ «አለ» የሚለውን ቃል እንዲያበዛ ከተፈለገ፣ ከመሣሪያው በስተ ኋላ መንገዱን፣ ወራቱንና ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ። መሣሪያውንስ ገዝተነዋል፤ አሁን የሚቀረን ሰውየውን ማሠልጠንና ማክበር ነው።